የአርጎኑ ጠርሙስ፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በብርሃን የሚለውጥ ፖሊመር ስነድፍ ያጋጠመኝ

በታይዋን የዶክትሬት ትምህርቴን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ለወራት ስጠብቀው የነበረው ፒክ (የአንድን ጋዝ መኖር የሚያሳይ ጉብታ) ጋዞችን ለያይቶ በሚለካው በጋዝ ክሮማቶግራፊው ስክሪን ላይ ታየኝ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ነበር። ይህ ጋዝ በአገራችን ከሰል አቀጣጥለው፣ በርና መስኮት ዘግተው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ያው ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው፤ ለእኔ ግን በዚያች ሌሊት የምሥራች ነበር። በገዛ እጄ የሠራሁት ፖሊመር (ከተያያዙ ትንንሽ ሞለኪውሎች የሚሠራ ትልቅ ሞለኪውል) ብርሃን ተቀብሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ለወጠልኝ ብዬ አመንኩ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሃይድሮጅን ጋር ተቀላቅሎ ለሜታኖልና ለሰው ሠራሽ ነዳጅ ጥሬ ዕቃ ስለሚሆን፣ የዚህ ምርምር አንዱ ዋና ግብ እሱን ማግኘት ነው። ለአማካሪዬ ኢሜይል የላክሁት እዚያው ወንበሩ ላይ እንዳለሁ ነበር።

በማግሥቱ በዚያው ቤተ ሙከራ የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ ለነበረ አንድ ኢትዮጵያዊ ታላቅ ወንድማችን ውጤቱን በኩራት አሳየሁት። ግራፉን አየና፣ እንኳን ደስ አለሽ ሳይል፣ «አርጎን ላይ ሞክረሽዋል?» አለኝ። አልሞከርኩም ነበር። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አስወጥቼ በምትኩ ከሌላ ነገር ጋር በማይዋሃደው በአርጎን ጋዝ የሞላሁት፣ በቀረው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነ ጠርሙስ ሳበራበት ዋልኩ። ማታ የወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ትናንት ካገኘሁት ሁለት ሦስተኛ ያህል ነበር። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሌለበት ጠርሙስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከየት መጣ? የሚቀጥሉትን ስምንት ወራት የበላው ይህ ጥያቄ ነው። ይህን የምጽፈውም በዚሁ መስክ የሚጀምሩ ተማሪዎች እነዚያን ስምንት ወራት እንዳይደግሟቸው ነው።

በመጀመሪያ ችግሩ ለምን ከባድ እንደሆነ ላስረዳ፤ የንድፉ ውሳኔዎች ሁሉ የሚመነጩት ከዚያ ነውና። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካርቦን ያለበት ነገር ሁሉ ሲነድ የሚቀር የመጨረሻ ትርፍ ነው፤ ማለትም ካርቦን ኃይሉን ሁሉ ሰጥቶ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ቀጥ ያለ፣ ሚዛናዊና እርካታ ያለው ሞለኪውል በመሆኑ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ለማስገደድ ቢሞከር፣ በገለልተኛ ውሃ ውስጥ ከስታንዳርድ ሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ (ዜሮ ተብሎ ከሚቆጠርበት መነሻ) አንጻር ወደ −1.90 ቮልት የሚጠጋ ግፊት ይጠይቃል። ኤሌክትሮኖቹ ከፕሮቶኖች ጋር ተጣምረው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሆነው ሲገቡ ግን መንገዱ በእጅጉ ይቀላል፦ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሁለት ኤሌክትሮን በ−0.53 ቮልት፣ ወደ ሜታኖል ስድስት ኤሌክትሮን በ−0.38 ቮልት፣ ወደ ሚቴን ስምንት ኤሌክትሮን በ−0.24 ቮልት ይበቃል። እነዚህን ቁጥሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ሚቴን ከሁሉ የሚቀል ይመስለዋል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ብርሃን ኤሌክትሮኖችን የሚሰጠው አንድ በአንድ ስለሆነ፣ ስምንት ኤሌክትሮኖችን በአንድ ሞለኪውል ላይ አከማችቶ ሌላው እስኪመጣ ማቆየት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ሌላው ጣጣ ደግሞ ውሃው ውስጥ ያለው ፕሮቶን ራሱ በ−0.41 ቮልት ኤሌክትሮን ተቀብሎ ሃይድሮጅን መሆኑ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተራ ሙቀትና በአንድ አትሞስፌር ግፊት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚሟሟው 0.034 ሞል ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በውሃ በተከበበ ካታሊስት (አፀግብሮትን የሚያፋጥን ቁስ) ላይ ሁልጊዜ ተፎካካሪው በቁጥር ይበልጠዋል።

ወደ ፖሊመር የመጣንበት መንገድ ረጅም ነው። ሆንዳና ፉጂሺማ የተባሉት ጃፓናውያን እ.ኤ.አ. በ1972 ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ኤሌክትሮድን በብርሃን መትተው ውሃን ሰነጠቁ፤ በ1979 ደግሞ ከኢኖዌና ከኮኒሺ ጋር ሆነው የሴሚኮንዳክተር ዱቄቶችን በውሃ ውስጥ በጥብጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብርሃን ሊለወጥ እንደሚችል አሳዩ። ይሁን እንጂ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ 3.2 ኤሌክትሮን ቮልት የሚያህል የኃይል ክፍተት (ኤሌክትሮኑን ከቦታው ለማንሳት ብርሃኑ ሊኖረው የሚገባ ትንሹ ኃይል) ስላለው የሚመጥጠው አልትራቫዮሌት ጨረርን ብቻ ነው፤ ምድር ላይ ከሚደርሰው የፀሐይ ኃይል ውስጥ ደግሞ አልትራቫዮሌቱ ከመቶ አምስት እጅ አይሞላም። የማዕድን ሴሚኮንዳክተርን ክፍተት እንደ ልብ መለወጥ አይቻልም። ፖሊመር ግን ከትንንሽ ሞለኪውሎች የሚሰፋ ልብስ ነው፤ ቁራጩን ስንቀይር ልኩም ቀለሙም ይቀየራል። የዘርፉን በር የከፈተው በጀርመንና በጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ሥራ ሲሆን፣ ግራፋይት መሰል ካርቦን ናይትራይድ የተባለው ፖሊመር በሚታይ ብርሃን ከውሃ ሃይድሮጅን እንደሚያወጣ አሳየ። የሚያስገርመው ነገር የዚህ ፖሊመር ዘመድ የሆነውን ሜሎን የተባለ ቁስ ጀርመናዊው ኬሚስት ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1834 ጠቅሶት ነበር፤ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ማንም ብርሃን ላይ አላስቀመጠውም።

ለጀማሪ የምመክረው ከዚሁ ከካርቦን ናይትራይድ እንዲጀምር ነው፤ በተለይ አገር ቤት ላለ። ሜላሚንን ወይም ዩሪያን ክዳን ባለው የሸክላ ክሩሲብል አድርጎ በማፍል ምድጃ ውስጥ ቀስ እያሉ ወደ 550 ዲግሪ ሴልሺየስ ማድረስና አራት ሰዓት ያህል ማቆየት ይበቃል። ዩሪያ ማለት ገበሬዎቻችን የሚያውቁት ያው ማዳበሪያ ነው፤ ለሙከራ ግን የላቦራቶሪ ደረጃ ያለውን መግዛት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በማዳበሪያው ውስጥ ያለ ቆሻሻ ኋላ ለመተንተን የማይቻል ውጤት ያመጣል። በማሞቅ ጊዜ ብዙ አሞኒያ ስለሚወጣ ምድጃው ጭስ መሳቢያ ሥር መሆን አለበት። ዩሪያ ቀጭንና ሰፊ ገጽ ያለው ዱቄት ይሰጣል፤ ከጨመሩት ውስጥ የሚተርፈው ግን ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው፤ እኔ መጀመሪያ ክሩሲብሉን ከፍቼ ሳየው ሰው የሰረቀብኝ መስሎኝ ነበር። ሜላሚን ብዙ ያተርፋል፤ ገጹ ግን ጠባብ ነው። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፤ 2.7 ኤሌክትሮን ቮልት ክፍተት አላቸው፤ ይህም ኤሌክትሮን ቮልትን ወደ ናኖሜትር የሚለውጠውን 1240ን ለ2.7 ስናካፍል ወደ 460 ናኖሜትር የሚጠጋ የሞገድ ርዝመት ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያለው አረንጓዴና ቀይ ብርሃን ሳይነካቸው ያልፋል።

የእኔ የመጀመሪያ ስሕተት እዚህ ላይ ጀመረ። አረንጓዴውንና ቀዩን ብርሃን ላለማባከን ፖሊመሩን ማጥቆር አለብኝ ብዬ ወሰንኩ። ኤሌክትሮን ሰጪ የሆነ ቁራጭን ከኤሌክትሮን ተቀባይ ቁራጭ ጋር በሰንሰለቱ ውስጥ እያፈራረቅን ስንሰፋ ክፍተቱ ይጠባል። እንዲህ ሰፍቼ ደም የመሰለ ቀይ ዱቄት አገኘሁ፤ ክፍተቱ 2.0 ኤሌክትሮን ቮልት ነበር፤ ብርሃን እስከ 620 ናኖሜትር ይበላል። የቤተ ሙከራው ሰው ሁሉ አደነቀው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ግን ዘወር ብሎ አላየውም። ክፍተቱን ያጠበብኩት ተቀባዩን ቁራጭ በማጠንከር ስለነበር የኮንዳክሽን ባንዱ (ብርሃን ያነሳው ኤሌክትሮን የሚያርፍበት የኃይል ደረጃ) ጠርዝ ወደ ታች ወርዶ፣ ኤሌክትሮኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ለመቀነስ የሚያስፈልገው ግፊት አልቀረለትም። ቀለም ብርሃን መመጠጡን ይነግረናል እንጂ የተመጠጠው ብርሃን ለምን ሥራ እንደሚበቃ አይነግረንም። ስለዚህ አንድን ፖሊመር ከመሥራታችን በፊት በኮምፒውተር ስሌት፣ ከሠራን በኋላ ደግሞ በሳይክሊክ ቮልታሜትሪ ወይም በሞት ሾትኪ በተባሉ የኤሌክትሮኬሚስትሪ ሙከራዎች የሁለቱን ባንዶች፣ ማለትም ኤሌክትሮኑ የሚነሳበትንና የሚያርፍበትን ደረጃ፣ ቦታ ማወቅ ግዴታ ነው። ስሌቱ ብቻውን አይበቃም፤ ፍጹም ቁጥሩን ብዙ ጊዜ ያዛባዋል። ሁለት ተመሳሳይ ፖሊመሮችን ለማወዳደር ግን ይረዳል።

ሁለተኛው የንድፍ ጉዳይ የኤሌክትሮኑና ትቶት የሄደው ፖዘቲቭ ጉድለት፣ ማለትም የሆሉ፣ መለያየት ነው። በሲሊከን ውስጥ ብርሃን ሲመታ ሁለቱ ወዲያው ይለያያሉ። በፖሊመር ውስጥ ግን ኤሌክትሪክን የመጋረድ አቅሙ ደካማ ስለሆነ ኤክሳይቶን የሚባል ጥንድ ሆነው ተሳስረው ይቀራሉ፤ የሚያስተሳስራቸው ኃይል በተራ ሙቀት ካለው የሙቀት ኃይል ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጥንዱ ከመሞቱ በፊት የሚጓዘው ርቀት ብዙውን ጊዜ አሥር ናኖሜትር አካባቢ ነው። እንግዲህ ብርሃኑ የፖሊመሩን ቅንጣት ልብ ከመታና ቅንጣቱ ማይክሮሜትር የሚያክል ወፍራም ከሆነ፣ ያ ጉልበት ገጹ ላይ ሳይደርስ ወደ ሙቀትነት ይለወጣል። ለዚህ ነው ቅንጣቱን ማቅጠን፣ ቀዳዳማ ማድረግና ሰጪና ተቀባይ ቁራጮችን ማቀራረብ የሚያስፈልገው። እኔ በመጨረሻ የመረጥኩት ኮቫለንት ኦርጋኒክ ፍሬምወርክ የሚባለውን፣ እንደ ወንፊት እኩል ቀዳዳ ያለውን ፖሊመር ነው። ይህን የቁስ ቤተሰብ ኬሚስቱ ያጊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ለዓለም አስተዋወቁ፤ ያጊ በ2025 የኬሚስትሪ ኖቤልን ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር የተካፈለው ግን የቅርብ ዘመድ በሆኑት፣ ብረት ባላቸው ፍሬምወርኮች ነው።

ወንፊቱን የሚሰፋው ክር ምን ዓይነት ቦንድ እንደሆነም ያስጨንቃል። አልዲሃይድንና አሚንን በማገናኘት የሚገኘው ተራ ኢሚን ቦንድ ለመሥራት ቀላል ነው፤ ነገር ግን አሲድ ባለበት ውሃ ውስጥ ወደ መጣበት ይመለሳል። በቦንዱ አጠገብ የሃይድሮክሲል ቡድኖች ያሉበት አልዲሃይድ ሲመረጥ፣ ኢሚኑ ከተሠራ በኋላ ወደ ቤታ ኬቶኢናሚን ይለወጣል፤ ይህኛው መልሶ አይፈታም። እኔ የኋለኛውን ወሰድኩ። ዝግጅቱ በታሸገ የመስታወት ቱቦ ውስጥ በሜሲቲሊንና በዳዮክሴን ውህድ፣ ጥቂት አሴቲክ አሲድ ተጨምሮበት፣ በ120 ዲግሪ ለሦስት ቀን ነው። ቱቦው ከመታሸጉ በፊት በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዞ አየሩን መሳብ፣ አቅልጦ እንደገና ማቀዝቀዝ ሦስት ጊዜ ይደገማል። እዚህ ላይ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው፤ አንዱን ዙር የዘለልኩ ቀን የወጣው ዱቄት በኤክስሬይ ዲፍራክሽን ሲታይ ቅርጽ የሌለው ጭቃ ነበር።

ሦስተኛው ጉዳይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የሚያርፍበትን ቦታ መስጠት ነው። ብርሃን የሚመጥጥ ፖሊመር በራሱ ጥሩ ካታሊስት መሆኑ ብርቅ ነው፤ ኤሌክትሮኑን አዘጋጅቶ የሚያሳርፍበት እጅ የለውም። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሌንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ሬኒየም የተባለ ብረትና እሱን አስሮ የሚይዝ ባይፒሪዲን የተባለ ሞለኪውል ጥምር (ኮምፕሌክስ) ካርቦን ዳይኦክሳይድን በብርሃን ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ በአመዛኙ እንደሚለውጥ አሳይተው ነበር። ስለዚህ ብዙ ተመራማሪዎች ባይፒሪዲንን የወንፊቱ ግድግዳ አካል አድርገው ብረቱን እዚያው ያስሩታል። ሬኒየም በምድር ላይ ከሚገኙ ብርቅዬ ብረቶች አንዱ ስለሆነ እኔ ኮባልትን መረጥኩ። ኮባልት ርካሽ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ብቻ እንዲሰጥ ማሳመን ግን ያስቸግራል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ትቶ ሃይድሮጅን የሚያወጣበት ቀን ይበዛል። ውሃውን መቀነስና አሴቶናይትራይል የተባለውን ፈሳሽ ማብዛት ወደሚፈለገው ጎን ይገፋዋል። ብረቱን በብዛት መጨመር እንደማይጠቅምም ታዝቤያለሁ፤ ከተወሰነ መጠን በኋላ ትርፉ ኮባልት ግድግዳው ላይ በትክክል ሳይታሰር ቀርቶ ወደ ፈሳሹ ይፈታል፤ ያኔ እየሠራ ያለው ፖሊመሩ ይሁን የተፈታው ኮባልት አይለይም። ይህን ለማወቅ ሙከራውን በመሃል አቁሞ ዱቄቱን አጣርቶ ማውጣትና የቀረውን ፈሳሽ ብቻውን ማብራት ነው። ምርቱ ከቀጠለ፣ ሠራተኛው ፈሳሹ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ስለ ብረት ካነሳሁ አይቀር ፓላዲየምን ሳልጠቅስ አላልፍም። ብዙ ኮንጁጌትድ (ኤሌክትሮን በሰንሰለታቸው የሚዘዋወርባቸው) ፖሊመሮች የሚሠሩት ፓላዲየምን በሚጠቀም የሱዙኪ ማገናኛ ዘዴ ነው። ፖሊመሩ ስለማይሟሟ እንደ ትንሽ ሞለኪውል በኮለም (ውህዶችን በሚለያይ ቱቦ) ማጥራት አይቻልም፤ ከፓላዲየሙ የተወሰነው በናኖ ቅንጣት መልክ ውስጡ ይቀራል። ፓላዲየም ደግሞ ሃይድሮጅን ለማውጣት እጅግ ጎበዝ ነው። «ብረት የሌለው ካታሊስት ሠራን» የሚል ጽሑፍ ስናነብ፣ አይሲፒ በተባለ የብረት መለኪያ መሣሪያ የተለካ የፓላዲየም መጠን ካልቀረበ፣ ተጠራጥረን ማንበብ ይገባናል። ብረትን በሚይዘው በዳይኢታይልዳይታዮካርባሜት ማጠብ ይቀንሰዋል፤ ፈጽሞ አያጠፋውም። ኢሚን ወይም ክኖቬናጌል በመሳሰሉ፣ ብረት በማይጠይቁ መንገዶች መሥራት ከዚህ ጣጣ ያድናል።

አሁን ወደዚያች የአርጎን ጠርሙስ ልመለስ። ስምንት ወራት የፈጀውን ምርመራ ባጭሩ ብናገር ጥፋተኞቹ ሁለት ነበሩ። ዋናው ዳይሜቲልፎርማማይድ የተባለው ማጠቢያ ነው። ወንፊቱን ከተረፉት ጥሬ ዕቃዎች ለማጽዳት በእሱ አጥቤ፣ ዱቄቱን በ60 ዲግሪ ምድጃ አድርቄ፣ ደረቀ ብዬ ነበር። በጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ የተቀረቀረ ፈሳሽ ግን እንዲህ በዋዛ አይወጣም። ዳይሜቲልፎርማማይድ ሲበሰብስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሰጣል፤ ከውሃ ጋር ሲፈታ ደግሞ ፎርሜት ይሆናል። ፎርሚክ አሲድን እንደ ምርት ለሚፈልግ ሰው ይህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ወጥመድ ነው። ሌላው ጥፋተኛ ኮባልቱን ያስገባሁበት አሴቴት ነበር፤ ወደ ክሎራይድ ስቀይረው በአርጎን ሥር የሚወጣው ጥቂት ጋዝ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ዱቄቱን በሶክስሌት ዕቃ በሜታኖል ለሁለት ቀን አጠብኩ፤ ማጠቢያውን ቀስ በቀስ በቀላል ፈሳሽ እየተካሁ፣ በመጨረሻ በቫኪዩም ሥር በ120 ዲግሪ አሳደርኩት። ዱቄቱን በቀጥታ ከከባድ ፈሳሽ አውጥቶ ማድረቅ ወንፊቱን ሊያፈርሰው ስለሚችል ከደረቀ በኋላ ኤክስሬዩን መድገም አይቀርም።

ከንጽሕናው በኋላ በአርጎን ሥር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሣሪያው ሊያየው ከሚችለው በታች ሆነ። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሥር የቀረልኝ ደግሞ በዚያች ሌሊት ካየሁት ሲሶ ነበር። አማካሪዬ ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ላይ አየሁ፤ ግን «ይኼኛው የእኛ ነው» አሉ።

ስለዚህ አንድ አዲስ ፖሊመር ስትሞክሩ አስቀድማችሁ አርጎኑን፣ ጨለማውን፣ ካታሊስት የሌለበትንና ኤሌክትሮን ሰጪ ፈሳሽ የሌለበትን ጠርሙስ አዘጋጁ፤ አራቱም በአንድ ቀን ይጠናቀቃሉ። ከእነዚህ በኋላ የመጨረሻው ምስክር የአይሶቶፕ ሙከራ ነው፤ የካርቦኑ ክብደት ከተለመደው 12 ይልቅ 13 የሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገዝቶ፣ የወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሞለኪውል ክብደት በሚለካው ማስ ስፔክትሮሜትር ላይ ከ28 ወደ 29 መዛወሩን ማየት ነው። ጋዙ ውድ በመሆኑ ብዙዎች አንድ ጊዜ ብቻ ይሠሩታል፤ ሲሠሩትም ሁለት ስሕተት ይፈጽማሉ። የመጀመሪያው፣ የአየር ናይትሮጅንም ክብደቱ 28 መሆኑን መርሳት ነው፤ ትንሽ አየር ከገባ በ28 ላይ የሚታየው ፒክ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሁለተኛው የበለጠ ያታልላል፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ራሱ በስፔክትሮሜትሩ ውስጥ በኤሌክትሮን ሲመታ ይሰበርና ካርቦን ሞኖክሳይድ የመሰለ ስባሪ ይሰጣል። ስለዚህ ጠርሙሱ ውስጥ ምንም ነገር ባይመረትም እንኳ 29 ይታያል። መድኃኒቱ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከካርቦን ዳይኦክሳይድና ከናይትሮጅን በኮለም ለይቶ፣ 29ን በካርቦን ሞኖክሳይዱ የመውጫ ደቂቃ ላይ ብቻ ማንበብ ነው። በሞሌኪውላር ሲቭ ኮለም ካርቦን ሞኖክሳይድና ናይትሮጅን በደንብ ይለያያሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን እዚያው ተጣብቆ እየቀረ ኮለሙን ስለሚያደክመው በየጊዜው አሙቆ ማጽዳት ያስፈልጋል።

ስለ ቁጥር አቀራረብም አንድ ቅሬታ አለኝ። በዚህ መስክ ውጤት የሚነገረው በአንድ ግራም ካታሊስት በአንድ ሰዓት ስንት ማይክሮሞል ወጣ በሚል ነው። ብርሃን ግን ከካታሊስቱ ክብደት ጋር አይጨምርም፤ ጠርሙሱ አንዴ ከጠቆረ በኋላ የሚጨመረው ዱቄት ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ይውላል። በዚህ የተነሳ 50 ሚሊግራም የተጠቀመ ሰው ትንሽ ቁጥር፣ 1 ሚሊግራም የተጠቀመ ሰው ትልቅ ቁጥር ያገኛል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ዱቄት ይዘው ሊሆን ይችላል። በአንድ በታወቀ የሞገድ ርዝመት የገቡትን ፎቶኖች ቆጥሮ፣ ለምርቱ ከዋሉት ኤሌክትሮኖች ጋር በማነጻጸር የኳንተም ውጤታማነትን ማቅረብ የተሻለ ነው። ያ የሚቻል ካልሆነ እንኳ የመብራቱን ዓይነት፣ የማጣሪያውን መቁረጫ፣ ጠርሙሱ ላይ የደረሰውን የብርሃን ጥንካሬና የፈሳሹን ሙቀት መጻፍ ያስፈልጋል። የ300 ዋት ዜኖን መብራት ያለ ማቀዝቀዣ ውሃ ፈሳሹን በአንድ ሰዓት ውስጥ ያሞቀዋል።

አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ ስልክ ደውሎ፣ «ያንቺ ዱቄት የሙገርን ሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ይበላዋል ወይ?» አለኝ። ጥያቄው ደግ ነው፤ ሲሚንቶ ሲሠራ መቶ ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ይህ ለእሳቱ ከሚቃጠለው ነዳጅ የተለየ ነው። ወረቀት ይዤ አሰላሁለት። አንድ ግራም ዱቄት በሰዓት መቶ ማይክሮሞል ይለውጣል እንበል። ክብደቱ ሲጨምር ሥራውም በዚያው ልክ ይጨምራል ብለን በልግስና ብናስብ እንኳ፣ አንድ ሙሉ ኪሎ በሰዓት የሚበላው 4.4 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አንድ ሰው በቀን የሚያስወጣው እስትንፋስ ወደ አንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚደርስ፣ በሰዓት 40 ግራም ያህል ይሆናል። እንግዲህ ኪሎው ዱቄት የእኔን የራሴን እስትንፋስ ለመብላት እንኳ ዘጠኝ ጓደኛ ያስፈልገዋል። ወንድሜ ሳቀና፣ «ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?» አለኝ።

ጥያቄው ከቀልድ በላይ ነበር፤ ምክንያቱም ከስሌቱ የባሰ ሌላ ነገር አለ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ኤሌክትሮን ሲቀበል፣ ሆሉን የሚሞላ ኤሌክትሮን ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። እኔና አብዛኛው የዘርፉ ሰው ይህን የምናገኘው ትራይኢታኖልአሚን ከሚባል፣ መስዋዕት ሆኖ ከሚያልቅ ፈሳሽ ነው። ይህ ፈሳሽ ከምናመርተው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይልቅ ውድ ነው፤ አንዱን አቃጥለን ሌላውን የምናተርፍ ያስመስለናል። ትክክለኛው ኤሌክትሮን ሰጪ ውሃ ነው፤ ውሃን ኦክስጅን ማድረግ ግን ከስታንዳርድ ሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ በላይ ቢያንስ 0.82 ቮልት የሚጠይቅና አራት ኤሌክትሮኖችን በአንድነት የሚለቅ ዘገምተኛ አፀግብሮት ነው። በትምህርቴ የመጨረሻ ዓመት ትራይኢታኖልአሚኑን ትቼ በውሃ ብቻ ለመሥራት ሞከርኩ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ጥቂት አገኘሁ፤ ከእሱ ጋር በተመጣጣኝ መጠን መውጣት የነበረበትን ኦክስጅን ግን አላገኘሁም። ኦክስጅኑ ከሌለ ሆሎቹ የሆነ ነገር እየበሉ ነው፤ የሚበሉትም ምናልባት ራሱን ፖሊመሩን ነበር፤ ከሃያ ሰዓት በኋላ ዱቄቱ መፍዘዙን በዓይኔ አይቻለሁ። በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ ያንን ምዕራፍ እንደዚሁ ጻፍኩት፤ ፈታኞቹም ከሁሉ በላይ የጠየቁኝ ስለዚያው ነው። «በንጹሕ ውሃ ሠራን» የሚል ውጤት ስታዩ መጀመሪያ ኦክስጅኑን ፈልጉ።

ወደ አገር ቤት ተመልሼ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ተማሪዎች የሚጠይቁኝ፣ ጋዝ ክሮማቶግራፊ በሌለበት ወይም ቢኖርም ተሸካሚ ጋዝ ባለቀበት ይህን ምርምር መሥራት ይቻላል ወይ ብለው ነው። ከፊሉ ይቻላል። ፖሊመሩን መሥራት፣ በኢንፍራሬድ ቦንዱን ማረጋገጥ፣ በዲፊዩዝ ሪፍሌክታንስ የኃይል ክፍተቱን ማንበብ፣ በተራ ፖቴንሺዮስታት የባንዱን ጠርዝ መለካት እዚሁ ይሠራል። ዱቄቱን ውሃ ላይ በትኖ መስመጡን ወይም መንሳፈፉን ማየት ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ውሃ የሚሸሽ ፖሊመር ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሟሟበትን ውሃ አያገኘውም። ውሃ የሚወድ ሰልፎን ቡድን ያለባቸውን ቁራጮች የምንመርጠው በከፊል ለዚህ ነው። የጋዙን ልኬት ብቻ መሣሪያው ካለው ቤተ ሙከራ ጋር ተስማምቶ በአንድ ሳምንት ማሠራት ይቻላል፤ ናሙና ስትልኩ ግን በምን እንዳጠባችሁትና እንዴት እንዳደረቃችሁት ጻፉ።

አንድ ልማድ ግን እንዲቀር እፈልጋለሁ። ጋዝ መለካት ስላልተቻለ ብቻ ዱቄቱን ሜቲሊን ብሉ ከተባለ ማቅለሚያ ጋር ፀሐይ ላይ አስቀምጦ፣ ሰማያዊው ቀለም ሲጠፋ «ፎቶካታሊስቱ ይሠራል» ማለት በዝቷል። ሜቲሊን ብሉ ራሱ ቀይ ብርሃን ይመጥጣል፤ ኤሌክትሮኑን ለዱቄቱ አሳልፎ ሊሰጥ ወይም ያለ ዱቄቱ በራሱ ሊፈዝ ይችላል፤ ዱቄቱ ላይ ተጣብቆ ቢቀርም ውሃው ይጠራል። ቀለም የሌለው ነገር፣ ለምሳሌ ፌኖልን፣ ተጠቀሙ፤ ብርሃኑን ከማብራታችሁ በፊት ጠርሙሱን ጨለማ ውስጥ አንድ ሰዓት አማስሉ፤ ዱቄት የሌለበት ሁለተኛ ጠርሙስም አጠገቡ እዚያው ፀሐይ ላይ ይቀመጥ።